የፊልም ዘር
(ስለ ቤት ውስጥ ፊልም ሥራና ስለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነገረ)




ዛሬ ማታ የምንናገርበት ርእስ ሲሰሙት ታላቅ አይመስልም። ነገሩ በኪስ ስለሚያዝ አንድ ዕቃ፣ ይኸውም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስለሚባለው የማስቀመጫ መሣሪያና በቤት ውስጥ ፊልም ሲቀናበር ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው። ስለ አገር ጉዳይ መነጋገር ሲገባን ስለ ኬብልና ስለ ፎልደር ልንሰማ ነው ወይ የሚል ቢኖር አንቀየመውም። የምንለምነው እስከ መጨረሻው እንዲያዳምጠን ብቻ ነው። ዋናው ጉዳያችን በዕቃው ውስጥ የሚቀመጠው ነውና።

እኛ የላስታ ልጆች ነን። አንዳንዶቻችን ከላሊበላ ከተማ፣ ሌሎቻችን ከቡግና፣ ከጋሸናና ከኩልመስክ የመጣን ነን። ትምህርት ተዘግቶ ወደ አገራችን በተመለስን ቁጥር በእያንዳንዳችን እጅ ስልክ፣ ከመካከላችንም በጥቂቶቹ ትከሻ ካሜራ አለ። ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይ በማሜ ጋራ፣ ከታችም በግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ እንቀርጻለን። ነሐሴ 16 ቀን የአሸንድዬ በዓል ሲገባ እኅቶቻችን ቄጠማቸውን በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ በየደጁ ሲጨፍሩ እንቀርጻለን። የወንድማችንን ሠርግ፣ የአያታችንን ወግ፣ የአባታችንን የእርሻ ሥራ ሳይቀር እንቀርጻለን።

ቀረጻው ቀላል ሆኗል። ከቀረጻው በኋላ ያለው ግን ቀላል አልሆነም። ሚሞሪው ሲሞላ የቆየው ይጠፋል። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ከእጅ ወድቆ ሲሰበር አብሮት የሦስት ዓመት በዓል ይሄዳል። ከመካከላችን ብልህ የተባለው አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ይገዛና ሁሉን በእርሱ ላይ ይገለብጣል፤ ከስልኩም ከላፕቶፑም ያጠፋል፤ በዚያው ዲስክ ላይ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ያቀናብራል። «ተቀምጧል» ብሎም ልቡን ያሳርፋል። እኛ ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ይህ ሰው ልቡን ማሳረፍ እንደማይገባው ነው።

ነገሩን በአገራችን ገበሬ ምሳሌ እናስረዳ። የላስታ ገበሬ ገብሱን ከወቃ በኋላ ሁሉን በአንድነት አይበላውም። የሚበላውን ለብቻ፣ የዘሩን ለብቻ ያስቀምጣል። የክረምት ረኃብ ቢጠናበት እንኳ ዘሩን ላለመንካት ይታገላል። ዘሩን የበላ ገበሬ የበላው የዚህን ዓመት እህል ብቻ እንዳይደለ ያውቃልና ነው። ፊልምም እንደዚሁ ዘርና ቀለብ አለው። ከካሜራው የወጣው፣ ያልተቆረጠውና ያልተነካው ቀረጻ ዘር ነው። የምንቆርጠውና የምናቀናብረው፣ በመጨረሻም ለዘመድ የምናሳየው ቀለብ ነው። ዘሩና ቀለቡ በአንድ ጎተራ ሲደባለቁ፣ ጎተራውም አንድ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ቀን በሚደርስ ጉዳት ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።

መጀመሪያ መጠኑን እንወቅ። ሳይቆጥሩ መግዛትም ማስቀመጥም አይቻልምና ነው። አንድ ዘመናዊ ስልክ በ4ኬ ጥራት ሲቀርጽ በአዲሱ የማመቂያ ዘዴ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ያኽል፣ በቀድሞው ዘዴ ደግሞ 350 ሜጋባይት ያኽል ይወስዳል። በሰዓት ሲሰላ የመጀመሪያው ወደ 10፣ ሁለተኛው ወደ 21 ጊጋባይት ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ ግን በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። እንግዲህ ሦስት ጓደኞች የገናን ሌሊት በእንዲህ ያለ ካሜራ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰዓት ቀረጹ እንበል። በድምሩ ስድስት ሰዓት ነው፤ 270 ጊጋባይት ማለት ነው። ከእኛ የብዙዎቻችን ላፕቶፕ 256 ጊጋ ብቻ የሚይዝ ስለ ሆነ የአንድ ሌሊት በዓል እንኳ አይገባበትም። ኤክስተርናል ዲስክ የቅንጦት ዕቃ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ዲስኩን ስትገዙ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በላዩ «1 ቴራ» የተጻፈበት ዲስክ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ 931 ጊጋ ብሎ ቢታይ ተጭበረበርን አትበሉ። ፋብሪካው በ1,000 እየቆጠረ፣ ዊንዶውስ በ1,024 እየቆጠረ ያመጡት ልዩነት ነው እንጂ ዕቃው አልጎደለም። ሁለተኛ፣ እውነተኛው ማጭበርበር ሌላ ነው። በገበያ ላይ «2 ቴራ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው፣ ውስጣቸው ግን 32 ወይም 64 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሾችና ዲስኮች ይሸጣሉ። ኮምፒዩተሩን እንዲዋሽ አድርገው ስለሚሠሯቸው ሲሰኩ ሙሉ መስለው ይታያሉ፤ የጻፍነውን ሁሉ የተቀበሉም ይመስላሉ፤ ኋላ ሲከፈት ግን ፊልሙ የለም። መፍትሔው አዲስ ዲስክ እንደ ተገዛ ዋጋ በሌለው ነገር እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ይህን የሚሠራ ኤፍ3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ይህ ሳይደረግ የአያታችሁን ድምፅ በአዲስ ዕቃ ላይ አታስቀምጡ።

አሁን ወደ ዕቃው ውስጥ እንግባ። ሁለት ዓይነት ዲስክ አለ። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ የምንለው ነው። በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ፤ ከሰሌዳው በላይ እጅግ ትንሽ የሆነች ማንበቢያ ራስ ትንሳፈፋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ናኖሜትር ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይችን ራስ ከሰሌዳው ከፍ አድርጎ የያዛት ሌላ ነገር ሳይሆን ሰሌዳው ሲሽከረከር የሚፈጠረው የአየር ትራስ ነው። ሁለተኛው ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ነው። በእርሱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የሚጽፈው በኤሌክትሪክ ሙል ነው።

የአየር ትራስ የተባለውን ቃል የደጋ ሰው የሆነ ሁሉ ልብ ይበለው። አየር በከፍታ ይሳሳል። ለዚህም ነው ብዙዎቹ የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች ዕቃቸው እየሠራ ሊቆይ የሚችልበትን ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብለው የሚወስኑት። የላሊበላ ከተማ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች በወሰኑ ውስጥ ናት። ከእርሷ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ወደ ተራራው ወጥቶ የሚቀርጽ ሰው የሚሽከረከረውን ዲስክ አጥፍቶ በቦርሳው ቢይዘው አይጎዳበትም፤ እዚያ ላይ አብርቶ መገልበጥ ግን አይገባውም። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ኤስ ኤስ ዲ፣ ወይም ትርፍ ሚሞሪ ካርድ ይሻላል።

ሌላው የአገራችን ጠባይ መንገዱ ነው። ሃርድ ዲስክ በሥራ ላይ ሳለ አይነቃነቅም። አውቶቡስ ውስጥ በጭን ላይ አስቀምጦ መገልበጥ፣ ኬብሉ እንደ ተንጠለጠለ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ማንሣት ራሷን ከሰሌዳው ያጋጫታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የ«ጠቅ ጠቅ» ድምፅ የሞት ድምፅ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው ወዲያውኑ ይንቀለው እንጂ ደጋግሞ አይሞክረው። አቧራውም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ሃርድ ዲስክ በማጣሪያ የተሸፈነች መተንፈሻ ቀዳዳ አለችውና በፕላስተር አትድፈኗት።

መብራትም አለ። መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም የዲስኩ ማውጫ ራሱ ተበላሽቶ «ፎርማት ይደረግ ወይ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ያን ጊዜ «አዎ» ያለ ሰው ነገሩን ያባብሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ መሥራት ነው። ሁለተኛው፣ ዲስኩን ከመንቀል በፊት ኮምፒዩተሩን ማሰናበት ነው። ሦስተኛው ስለ ፎርማት ነው። ፋት32 የተባለው አሮጌ ፎርማት ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅሙ የሠርግ ቀረጻ «አልገባም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ኤክስፋት በዊንዶውስም በማክም በብዙ ስልኮችም ይነበባል፤ ነገር ግን የጀመረውን ሥራ የሚመዘግብበት የማስታወሻ ደብተር የለውም፤ በድንገት ሲነቀል በቀላሉ ይጎዳል። ኤንቲኤፍኤስ እንዲህ ያለ ደብተር አለው፤ ማክ ኮምፒዩተር ግን እንዲሁ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። በዊንዶውስ ብቻ የምትሠሩ ኤንቲኤፍኤስን፣ ከሌላ ጋር የምትለዋወጡ ኤክስፋትን ምረጡ።

ወደ ቅንብሩ እንመለስ። ብዙዎቻችን ስድስቱን ሰዓት ፊልም በሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳለ ከፍተን ለመቁረጥ እንሞክራለን፤ ሥዕሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ላፕቶፑን እንረግማለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሃርድ ዲስክ አንድን ረጅም ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ያኽል ይሰጣል። ከሦስት ካሜራ የመጣውን በአንድ ጊዜ አምጣ ሲሉት ግን ያች አንዲት ራስ ከቦታ ቦታ ስትዘል ፍጥነቷን ታጣለች። ሃርድ ዲስክ ማኖሪያ እንጂ የሥራ ገበታ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያለው ኤስ ኤስ ዲ ገዝቶ በእርሱ ላይ ይሥራ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ፣ ማለት እንደ እኛ ያለው፣ ፕሮክሲ በሚባለው ዘዴ ይጠቀም።

ፕሮክሲ ማለት የዋናው ቀረጻ ቀላል ግልባጭ ነው። ፕሮግራሙ ከትልቁ ፊልም አነስተኛ ፊልም ይሠራልናል፤ በትንሹ ላይ እንቆርጣለን፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ ቁርጡን ሁሉ ወደ ዋናው መልሶ በሙሉ ጥራት ያወጣዋል። ያን 270 ጊጋባይት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሆነ ፕሮክሲ ብንሠራው 13 ጊጋ ተኩል ብቻ ይሆናል። ይህ በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ይገባል፤ ዲስኩም ሳይሰካ፣ በመኝታ ክፍልም ይሁን በአውቶቡስ ይሠራበታል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ኬደንላይቭና ሾትከት የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ሦስቱም ይህን ይችላሉ። ላፕቶፕ የሌለውም ቢሆን ስልኩን በኦ ቲ ጂ ከዲስክ ጋር አገናኝቶ ዘሩን አስቀድሞ ሊያሸሽ ይችላል።

ኬብሉንም አትናቁት። 270 ጊጋባይት በዩ ኤስ ቢ 3 ኬብል ወደ ሃርድ ዲስክ ለመገልበጥ 45 ደቂቃ ያኽል ይበቃዋል። በቀድሞው በዩ ኤስ ቢ 2 ግን፣ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ብናስብ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት አንድ ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ቦታ ይህ ልዩነት ፊልሙ በመትረፉና ባለመትረፉ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እስካሁን ያልነው ሁሉ የዕቃ አያያዝ ነው። ዋናው ነገራችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዲስኩን የቱንም ያኽል ብንንከባከበው አንድ ቀን ይሞታል። ሃርድ ዲስኩ ሲያንኳኳ ይሞታል፤ ኤስ ኤስ ዲው ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር ይሞታል፤ ሳይሰካ ለዓመታት በሣጥን ቢቆይም የያዘው ሙል ቀስ በቀስ ይፈስሳል። እንግዲህ ጥያቄው «ይሞታል ወይ» አይደለም፤ «በሚሞትበት ቀን ሌላ ቦታ አለን ወይ» ነው። አባቶቻችን «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። በዚህ ሥራ የታወቀው ደንብ ደግሞ ሁለትን ሦስት ያደርገዋል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ ከሦስቱ አንዱ ከሌላ ስፍራ ይኑር ይላል።

ስለ «ሌላ ስፍራ» የላስታ ልጆች የምንናገረው ከመጽሐፍ ተምረን አይደለም። በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከተማዪቱም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆየች። መብራትና ስልክ ተቋረጠ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ላፕቶፕና ዲስክ የሚፈልግበት ጊዜ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ ጥንቁቅ ሰው አንዱን ዲስክ በላሊበላ፣ ሁለተኛውን በወልድያ፣ ሦስተኛውን በደሴ ዘመዶቹ ዘንድ አስቀምጦ ነበር እንበል። ሦስት ቅጂ በሦስት ከተማ ማለት ነው፤ ማን ይወቅሰዋል? ነገር ግን ወልድያ በነሐሴ 2013፣ ደሴም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በዚያው ጦርነት ውስጥ ገቡ። በሁለቱም ከተሞች ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ንብረት እንደ ተዘረፈና እንደ ወደመ በይፋ ተነግሯል። ሦስቱ ቅጂዎች በአንድ መንገድ ላይ ነበሩና ሦስትነታቸው አይጠቅምም ነበር። «ሌላ ስፍራ» ማለት ሌላ ቤት ማለት አይደለም፤ አንድ አደጋ በአንድ ጊዜ የማይደርስበት ስፍራ ማለት ነው።

«ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ብናስቀምጠውስ?» የሚል ይኖራል። ሲቻል መልካም ነው፤ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኢንተርኔቱ ቢኖርም 270 ጊጋባይት በስልክ ፓኬጅ መላክ ለተማሪ ኪስ የሚታሰብ አይደለም። «በቴሌግራም ልኬዋለሁ» የሚለውም ይጠንቀቅ። በቪዲዮነት የተላከ ፊልም ታምቆ ጥራቱን አጥቶ ይደርሳል፤ ይህ ቀለብ ነው እንጂ ዘር አይሆንም። ዘሩ ሳይነካ እንዲደርስ በፋይልነት መላክ አለበት፤ አንድ ፋይልም ካለ ክፍያ ከ2 ጊጋ ሊበልጥ አይችልም።

ይህ ሦስት ቅጂ የማኖር ነገር አዲስ የፈረንጅ ዘዴ እንዳይመስላችሁ። በገዳማችን አንድ ገድል ሲጻፍ ቁም ጸሐፊው ከሌላ ደብር ያለውን አምጥቶ ይገለብጥ ነበር፤ አንዱ ደብር ሲቃጠል መጽሐፉ በሌላው ይገኝ ነበር። በዘመናችንም ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ታላቅ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በጠቅላላው ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በምትባል ስፍራ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ የነዚያን መጻሕፍት ዝርዝር ሲያዘጋጁና ሲያጠኑ ኖረዋል። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት መጣ፤ ከዚያም ጦርነት ተከተለ። ከተነሡት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ዛሬ የት እንዳሉ አይታወቅም፤ ፊልማቸው ግን አለ። ሁለተኛው ቅጂ ከአደጋው መንገድ ውጭ ስለ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እናሳይ። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰረቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ከውጭ አገር ተመለሰ። የተሰረቀ ነገር የትም ቢሆን አለ፤ ተፈልጎ ሊመለስ ይችላል። ከሞተ ዲስክ ጋር የሄደ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ግን በማንም እጅ አይገኝም። የአሸንድዬ ግጥም በየዓመቱ በልጃገረዶቹ አፍ አዲስ እየሆነ የሚወርድ ነው፤ የዘንድሮው ለከርሞ አይደገምም። አያቶቻችን የሚነግሩን የመሬት ስም፣ የዘር ሐረግ፣ የክፉ ቀን ታሪክ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ዛሬ በእኛ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ አለ። ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ «ሪከቨሪ የሚሠራ ሰው ፈልጉልን» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ዋጋውም ከሁለት አዳዲስ ዲስኮች ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ገንዘብ የሚያነሣው ሰው እውነት አለው። ዲስክ ውድ ነው፤ ለአንድ ተማሪ ሦስት ዲስክ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ነው ነገሩን ወደዚህ ስብሰባ ያመጣነው። አንድ ሰው የማይችለውን ኅብረት ይችለዋል። ለኅብረቱ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

፩ኛ፤ ከመዋጮ ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች ይገዙ። ስማቸው የዘር ዲስክ ይባል። በእነርሱ ላይ ማንም አይቆርጥም፣ አያቀናብርም፤ የሚቀመጥባቸው ያልተነካው ቀረጻ ብቻ ነው።

፪ኛ፤ ከእረፍት የሚመለስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ቀረጻውን በሁለቱም ላይ ይገልብጥ። ከገለበጠ በኋላ የፋይሎቹን ቁጥርና መጠን ያመሳክር፤ ጥቂቶቹንም ከፍቶ መካከላቸውንና መጨረሻቸውን ይይ። ይህ ሳይሆን ከሚሞሪው ላይ አንድም አያጥፋ።

፫ኛ፤ አንዱ ዲስክ በዚህ ግቢ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ከክልሉ ውጭ ለሚገኝ የታመነ የቀድሞ ተማሪ ይሰጥ፤ በየመንፈቁም ይለዋወጡ። ሦስተኛው ቅጂ በባለቤቱ እጅ ያለው ነው።

፬ኛ፤ ለእያንዳንዱ ቀረጻ በወረቀት መዝገብ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ እንደ ተቀረጸና ማን እንደ ፈቀደ ይጻፍ። ስም የሌለው ፊልም ከሃያ ዓመት በኋላ የማይታወቅ ሰው ፊት ብቻ ነው። ፈቃድም ዋና ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የደብሩን አስተዳዳሪ ሳይጠይቁ፣ በልቅሶ ቤትም ቤተሰቡን ሳያስፈቅዱ የተቀረጸ በዘር ዲስኩ ላይ አይግባ።

፭ኛ፤ በየዓመቱ ዲስኮቹ ተሰክተው ይመርመሩ፤ በአምስት ዓመትም በአዲስ ይተኩ። ማይክሮፊልም በመሳቢያ ተቀምጦ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በብርሃንና በመስታወት ይነበባል። ዲስክ ግን እንዲህ አይደለም፤ ካልተገለበጠ ይሞታል። እንደ ዘር እህል በየጊዜው መታደስ አለበት።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በቤተ መጻሕፍቱ አንድ የሚቆለፍ መሳቢያ፣ በዓመትም አንድ ከሰዓት በኋላ ለማስተማሪያ የሚሆን ክፍል ቢፈቀድልን ሌላ የምንጠይቀው የለም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈልገን ልማድ ነው። ልማዱ ከያዘን ወደ ቤታችን ስንመለስ ለታናናሾቻችን እናወርሰዋለን፤ በላሊበላ ከተማ ሠርግ እየቀረጹ የሚተዳደሩት ወጣቶችም ከእኛ ሊማሩ፣ እኛም ከእነርሱ ልንማር እንችላለን።

አባቶቻችን ድንጋዩን ሲፈለፍሉ ለስምንት መቶ ዓመት የሚቆይ ሥራ ሠሩ። እኛ በእጃችን ያለው ዕቃ አምስት ዓመት ብቻ የሚታመን ነው። ዕቃው ደካማ ከሆነ ጠባቂው መበርታት አለበት። የገና እረፍት ሊደርስ ነው፤ ብዙዎቻችን ወደ አገራችን እንሄዳለን፤ እንቀርጻለንም። ከመሄዳችን በፊት ኅብረቱ በዚህ ሐሳብ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ በትሕትና እንጠይቃለን።